ለማን ልትለው ነው?

ወንድሜ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኑን የሚያሳልፈው አንድ የቀድሞ ተማሪው በከፈተው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነበር። ከማሽኑ ጀርባ፣ የወረቀት ካርቶኖች በተደራረቡበት ጥግ፣ መደገፊያዋ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ነበረችው። የተቀጠረ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ፣ «በል አሁን ዕረፍ» ሲሉት ማረፍ አላወቀበትም። ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ሰው ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ አንድ ጥያቄ ይወረውርለታል፤ እሱም ከቅርጫት የተበላሸ ወረቀት አንስቶ ጀርባው ላይ እየጻፈ ይመልስለታል። ሰፈሩ «መምህር» ይለዋል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝና «ጋሼ» እለዋለሁ። እለው ነበር ማለት አለብኝ።

ጥያቄዎቹ ከቤትና ከሥራ ተነስተው የሚመጡ ነበሩ። የሆቴል አስተናጋጅ የሆነች ልጅ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ ገባች።

«መምህር፣ የውጭ አገር እንግዳ ጠራኝና ‹መጣሁ› አልኩት በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ ኩሽና ስሄድ ምን አስፈጠጠው?»

«መጣሁ ብለሽው ስትሄጂ አይቶ ነዋ። እሱ አገር የመጣ ሰው ከመጣ መጥቷል፤ ጀርባውን ሰጥቶ መጣሁ አይልም።»

የባንኩ ጥበቃ ደግሞ «ራሴን አመመኝ» እንዴት እንደሚባል ጠየቀው። ጋሼ እንግሊዞች ራስ ምታትን እንደ ንብረት «አለኝ» እንደሚሉት ሲያስረዳው፣ ሰውዬው ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ምንም የለኝም እያልኩ ስማረር! ለካ ራስ ምታት አለኝ!»

ጋሼ ለማንም ወዲያው አይመልስም ነበር። መጀመሪያ «በአፍ መፍቻህ ንገረኝ» ይላል። ሰው በራሱ ቋንቋ ምን ሊል እንደፈለገ ካላወቀ በሌላው ቋንቋ አያገኘውም ብሎ ያምናል። ቀጥሎ «ለማን ልትለው ነው?» ይላል። ይቅርታ ለአለቃ፣ ይቅርታ አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ለረገጥከው ሰው፣ ይቅርታ ላኮረፈች ሚስት አንድ አይደለም። «ለማንም» ብሎ የመለሰለትን ወደ በሩ ያመለክተዋል። «ለማንም የማይባል ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ሞልቷል፤ ሂድና እዚያ ፈልገው።»

እኔ የመዝገብ ሰው ነኝ። የተማርኩትም የምሠራውም ሰነድ መጠበቅ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጋሼ «መዝገቤ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እንግዲህ የሚቀጥለውን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከፊሉን ደግሞ ተነግሮኛል። ያየሁትን ከሰማሁት አልቀላቅልም።

ሆዱን ሲያመው ሰንብቶ ሆስፒታል ተኛ። ክፍሉ አራት አልጋ የሚይዝ፣ መስኮቱ የልብስ ማጠቢያውን ግቢ የሚያይ ነበር። ለጠያቂ የተሰጠው አንድ የብረት ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ ወንበሯ ከአልጋ ወደ አልጋ በተራ ትዞራለች። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ለራውንድ ይገባሉ። በሽተኛው ራስጌ ቆመው ስለ በሽተኛው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሙያውን የተማሩት በዚያ ቋንቋ ስለሆነ ነው፤ ክፋት የለበትም። የተኛው ሰው ግን የገዛ ራሱን ነገር እንደ አውሮፕላን ከበላዩ ሲያልፍ ይሰማዋል።

ጋሼ ጋ በመጀመሪያው ቀን ሲቆሙ፣ አንዲት ተለማማጅ ሐኪም የተናገረችውን ዓረፍተ ነገር ከትራሱ ሆኖ አረመላት። በነጋታው የእሱን ጉዳይ ኮሪደር ወጥተው መነጋገር ጀመሩ። «አየሽ መዝገቤ» አለኝ፣ «እንግሊዝኛዬ ሐኪሞቼን አባረረብኝ።» ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በቀኙ ያለው አልጋ ላይ የተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስኳር ያለበት፣ ድምፁ ትልቅ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው። ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል እግሩ ላይ ከርሞ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ዋናው ሐኪም በየጠዋቱ ፋሻውን ገልጠው ያዩና በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ እየተከታተልነው ነው» ይሉታል።

«ተከታተሉት እንጂ!» ይላል ሹፌሩ። «እሱ ግን ከእናንተ ይፈጥናል።» ክፍሉ ይስቃል። ሚስቱም ትስቃለች፣ ከዚያ ዕቃ ልጠብ ብላ ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለጋሼ ብርቱካን እየላጥኩለት ነበር። ሹፌሩ ወደ እኛ ዞረ።

«መምህር፣ ሥራ ፈትቼ ከምጋደም ትንሽ እንግሊዝኛ ልማር እስቲ። ‹ኒ› ማለት ምንድን ነው?»

«ጉልበት።»

«ጎሽ።» ጣሪያውን እያየ ቀጠለ። «‹ቢሎው›ስ?»

«በታች።»

ብርቱካኑን ጨርሼ ለጋሼ ሰጠሁት። አልበላውም።

«‹ኢፍ› የምትል አንዲት ቃል አለች አይደል? ትንሽዬ?»

ጋሼ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። በየጥያቄው መሃል የተዘለለው ቃል ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ለእኔም ገብቶኛል።

«ለማን ልትለው ነው?» አለው።

«ለማንም።» ሹፌሩ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበው። «ለራሴ።»

ፎቶ ኮፒ ቤት ቢሆን ወደ በሩ ያመለክተው ነበር። እዚህ ግን ጆሮውን ሰጠው።

«ጠዋት የተናገሩትን» አለ ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድምፁን እንደ ታርጋ ቁጥር ይዤው ነው። አንዷን ቃል አልጠየቅኩዎትም። እሷን ከጋራዥ አውቃታለሁ፤ ብረት ሲቆረጥ ይሏታል። እውነት ነው?»

«የሰማሁትን ልነግርህ እችላለሁ። ግን የሰማሁት እነሱ እርስ በርስ ያወሩትን ነው፤ ለአንተ የተመለሰ መልስ አይደለም። ጠይቀሃቸዋል?»

«ስንቴ! ‹አይዞህ› ይሉኛል። ሚስቴም ‹አይዞህ›። አይዞህ በዛብኝ እኮ መምህር! ሰው ይህን ያህል አይዞህ የሚባለው ምን ሊሆን ነው?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መቆረጡ አይደለም የሚያስፈራኝ። እሱም ያስፈራኛል፣ ምን ይዋሻል። ግን አደንዝዘው አስተኝተውኝ፣ ስነቃ አንሶላው እዚህ ጋ ጠፍጣፋ ሆኖ ማየት። ሳልሰማ። ሳይነግሩኝ። እንደ ዕቃ!»

«እንግዲያው በእነሱ ቋንቋ ትጠይቃቸዋለህ» አለ ጋሼ። «በእኛ ቋንቋ ስትጠይቃቸው የሚያዩት የሚያዝኑለትን ሰው ነው። በዚያኛው ቋንቋ አይዞህ ብለው ማምለጥ አልለመዱም። እስቲ መጀመሪያ በአፍ መፍቻህ ንገረኝ።»

ሹፌሩ ጀመረ። ከእግሩ ተነስቶ ጫማ የሸጠለትን ሰው፣ የመኪናውን ባለቤት፣ ቁልቁለቱን፣ ስኳሩን፣ ከዚያም ሆስፒታሉን በየተራ ሰደበ። ጋሼ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥያቄው የቱ ነው?»

ሹፌሩ አሰበ። «እግሬን ምን ልታደርጉት ነው? መቼ ነው?»

«በቃ፤ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ከእነሱ በፊት ግን ሐኪሙን አስቀምጣቸው። ቆሞ የሚመልስ ሰው ልቡ በሩ ላይ ነው። ‹ፕሊስ ዶክተር፣ ሲት ዳውን› በላቸው።»

ሹፌሩ ሞከረው። ሁለት አልጋ ርቆ የተኛው ሽማግሌ ከእንቅልፉ ብድግ አለ።

«አንቱታው የቱ ጋ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«የለም።»

«እንዴት የለም! ትልቁን ሐኪም ቁጭ በል ልበላቸው? ረዳቴ መሰሉኝ?»

«አንቱታው ድምፅህ ውስጥ ነው። ቀስ አድርገህ በለው።»

«የእኔ ድምፅ ፍሬን የለውም መምህር!»

«እንግዲህ ቁልቁለት ላይ ነህ፤ ፈልገው።»

ሳቅን፤ ሳልፈልግ እኔም ሳቅኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ሁለቱም ኩረጃ ላይ እንደተያዙ ተማሪዎች ጸጥ አሉ። ሐኪሞቹን «እንዳትነግሩት፣ ከሰማ ልቡ ቀድሞ ይሞትብኛል» ብላ የለመነቻቸው እሷ መሆኗን በኋላ ራሷ ነግራኛለች። እስከ ማደንዘዣው ክፍል በር ድረስ ለመደበቅ አስባ ነበር። አልፈረድኩባትም። የምትወደውን ሰው ከቃል የምትከላከል ሰው ነበረች።

የሚቀጥለው ጠዋት እኔ አልነበርኩም። ሹፌሩም ጋሼም ለየብቻ ነግረውኛል፣ የሚለያዩትም በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሹፌሩ «ድምፄ ንቅንቅ አላለም» ይላል፤ ጋሼ የአልጋው ብረት ሲንቀጠቀጥ ይሰማ ነበር ይላል።

ዋናው ሐኪም ፋሻውን ገልጠው አይተው፣ ለተለማማጆቹ ተናግረው፣ እጃቸውን ወደ ትከሻው ሲልኩ ሹፌሩ «ፕሊስ ዶክተር፣ ሲት ዳውን» አላቸው። የብረት ወንበሯን በእጁ ስቦ አቀረበላቸው። ሐኪሙ ዙሪያቸውን አዩና ተቀመጡ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ጠየቃቸው፤ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ መቼ። ሐኪሙም ፈተና ላይ እንደተጠየቀ ተማሪ በእንግሊዝኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መለሱለት። ሹፌሩ ግማሹ አልገባውም።

«አሁን ደግሞ በእኛ ይድገሙልኝ» አላቸው።

አንዴ ተቀምጠዋል፤ አንዴ ተናግረውታል። ደገሙለት። ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ሥር ተዘግቷል፤ ቁስሉ አይድንም፤ ከጠበቁ ጉልበቱን ያልፋል፤ አሁን ከጉልበቱ በታች ቢቆረጥ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ይችላል።

«መኪናውስ?»

«ከባዱን አይመስለኝም» አሉት። ይህንን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር እስከዚያ ቀን፤ ስለዚህም ማንም መልሱን አለስልሱት ብሎ አልለመናቸውም።

ሹፌሩ ረጅም ጊዜ እግሩን እያየ ቆየ፤ ሐኪሙም አልተነሱም። በመጨረሻ «ጉልበቴን ካተረፋችሁልኝ ውሰዱት» አለ። «ግን ዛሬ አይሁን። ዛሬ ልሰናበተው።»

ሚስቱ ስትገባ ያገኘችው የተነገረውን ባሏን ነው። እያለቀሰች ወደ ጋሼ ዞረች። «መምህር፣ ምን አስተማሩብኝ!»

«ወንበር ማቅረብ ብቻ ነው ያስተማርኩት፣ ልጄ» አላት።

ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ ወደ ክፍሉ ሲመልሱት እዚያው ነበርኩ። አንሶላው እንደፈራው ጠፍጣፋ ነበር። ጋሼ ሊያበረታታው ብሎ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው።

«ተዉኝ መምህር» አለ ሹፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዛሬ በአፍ መፍቻዬ ላልቅስ።»

«አልቅስ። እሱን የሚያርምህ የለም።»

አለቀሰ፤ ሚስቱ እጁን ይዛ አብራው አለቀሰች። አይዞህ ግን አላለችውም።

ሹፌሩ ምርኩዝ መለማመድ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዋናው ሐኪም ተለማማጆቻቸውን ሳያስከትሉ ብቻቸውን ገቡ። ወደ ሹፌሩ የመጡ መስሎኝ ነበር። አልፈውት ጋሼ ግርጌ ቆሙና በእንግሊዝኛ ጀመሩ። ጋሼ እጁን አነሳ፤ የሚቸኩል ተማሪ ሲያስቆም እንደዚያ ነበር የሚያነሳው።

«ዶክተር፣ ለማን ሊሉት ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ፣ መምህር።»

«ኮሪደሩ ላይ የተባለውን እኔ ሰምቼዋለሁ፤ በሩ ስስ ነው። የሚሉት ለእሷ ነው።» ወደ እኔ ጠቆመ። «በእኛ ቋንቋ ይንገሯት። እህቴ መዝገብ ጠባቂ ናት፤ ያልጠራ ቃል ሰጥተው ቢሄዱ ዕድሜዋን ሙሉ ስታጣራው ትኖራለች። አደራዎን፣ አይዞሽ እንዳይሏት።»

እኔ መስኮቱ ጋ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ቆሜያለሁ። ልወጣ ነበር። ወደ ጋሼ ሳይ ፊቱ ላይ ያየሁት መልስ አውቆ የተማሪውን እጅ የሚጠብቅ መምህር ፊት ነው። በውጭ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ይጮኻል።

ሹፌሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምርኩዙን ዘርግቶ የብረት ወንበሯን እግር ጠልፎ ጎተታትና ከጉልበቴ አጠገብ አቆማት።

«ተቀመጪ እህቴ» አለኝ። ድምፁ ፍሬን ይዞ ነበር። «ይሄ ቆመው የሚሰሙት አይደለም።»

ተቀመጥኩ። ጋሼ እግሩን ሰብስቦ ለሐኪሙ አልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ተቀመጡና ነገሩኝ።