ከመተኛቱ በፊት እንዴት ነበር?

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰውዬ አለ። ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። ክፉ ነው፤ ሥራው ግን አይታማም። ካፖርቱን አያወልቅም፤ ከካፖርቱ ኪስ ደግሞ ደብተር አይጠፋም። ኮምፒውተር ሳይጠፋ ተኝቶ ሲነሣ ስክሪኑ የነበረበትን ይረሳል፤ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ብርሃኑንም ስፋቱንም አንድ በአንድ ካልመለሰለት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሰውዬው የደህና ላፕቶፖችን ልክ በየሞዴላቸው ደብተሩ ላይ ጽፎ ይዟል።

«ከመተኛቱ በፊት እንዴት ነበር?» ይላል ለመጣው ሁሉ። የማያውቅ ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል። አንዱን መምህር «ዲግሪህን ለበግ አብላው» ብሎ ሰው ፊት አዋርዶታል።

ትናንት ከፊቴ ጥቁር የለበሱ፣ ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ እናት ነበሩ። የሟች ልጃቸውን ላፕቶፕ ከነጠላቸው ፈትተው አስቀመጡለት።

«ፎቶዋ ነበር ፊቱ ላይ» አሉት።

ደብተሩን ገልጦ ጥቂት ነካካና ስክሪኑ በራ። የምረቃ ጋውን የለበሰች ልጅ ጥርሷን ገልጣ ብቅ አለች። እናትየው ጣታቸውን ሲዘረጉ ክዳኑን ከደነው።

«ሠርቷል። ለቅሶ ቤትዎ ይቀመጡ፤ እዚህ ወረፋ አለ።»

ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ላፕቶፑን መልሰው ጠቀለሉና፣ «የኔ ልጅ፣ አንተም የጠፋብህን እግዜር ይመልስልህ» ብለው መረቁት።

ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አቧራ ወደ ጠጣ ላፕቶፕ ሄደ። ሲከፍተው አይቼ አላውቅም፤ ክዳኑ ላይ የሴት ስም ተጽፏል።

«እሷንስ አይመልሳት» አላቸው። ከዚያ በእጁ ጠራኝ።

«ቀጥል! ያንተስ ከመተኛቱ በፊት እንዴት ነበር?»