የጋሼ ለገሠ ዳውላ

ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ሜይ 16 ቀን 1987፣ ጋሼ ለገሠ በርባንክ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ካለ አንድ ቤት ሲፈልጉት የኖሩትን የአንበሳ ምልክት ሳይዙ ተመለሱ። በሳምንቱ ሄደው ሊያመጡት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ሐሙስ ጧት ዐረፉ፤ ምልክቱም እዚያው ቀረ።

ምልክቱ የተፈለገው ለአንድ የወታደር ልብስ ማሟያ ነው። ጋሼ ለገሠ በወጣትነታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ሲመለሱ ልብሱን ለግምጃ ቤት አስረክበው የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። እትዬ ዘቢደር ያገኟቸውም እዚያ ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው ስለ ጦር ሜዳ ማውራት በጀመሩ ቁጥር እትዬ ዘቢደር ቀዝቀዝ ብለው፣ «እኔ የማውቅህ ጆንያ ስትቆጥር ነው» ይሏቸዋል።

ጋሼ ለገሠ ይህን አፍ ለማዘጋት ቆረጡ። ዳውንታውን ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ያርፋሉ። በዚያ ቀን ሰው ጋራዡን ከፍቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን፣ ወራሾችም የሟች ቤት የሚያራግፉበትን ሰፈር ሁሉ ያስሳሉ። ኮሪያ የዘመተው ሠራዊት የለበሰው አሜሪካ ሠራሽ ስለነበር ፍለጋው የሚመስለውን ያህል ከባድ አልሆነም። ጃኬቱ ከክሬንሾው ሰፈር ተገኘ፤ ቀበቶና ኮዳውም ተከተሉ። የቀረው የክብር ዘበኛ የቆብ ምልክት፣ ዘውድ የደፋው አንበሳ ብቻ ነው። እሱ እስኪገኝ ልብሱን አልሞከሩትም።

«ያለ አንበሳው ከለበስኩትማ ዘቢደር ‹ይሄ ደግሞ የማን አሜሪካዊ ነው› ትለኛለች» ይሉ ነበር።

ዕቃ ሲገዙ ዘዴ ነበራቸው። የሚፈልጉትን ነገር ፈጽሞ አያዩትም። አጠገቡ ያለውን የዳቦ መጥበሻ ቶስተር ያነሳሉ፤ ያገላብጡታል፤ ይነቅፉታል፤ በዋጋው ይከራከራሉ። ሻጩ ሲሰለቸው፣ «ኦኬ፣ ያቺን ቀበቶ ምራቂ ካደረግህልኝ እወስደዋለሁ» ይላሉ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አይደለም» እያሉ ይኩራራሉ፤ «አህያውን ፈልጎ ዳውላውን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለማስመሰያ የተገዛ ዕቃ ሁሉ በቤታቸው ስሙ ዳውላ ሆነ። እትዬ ዘቢደር በር ላይ ቆመው፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ዳውላ ታራግፍብኛለህ?» ይላሉ። ዳውላው ቤት ሲያጣብብ ከሱዳን አዲስ ለገባ ስደተኛ ይሰጣል። በዚያ ዘመን ፌርፋክስ አካባቢ ያረፈ አዲስ መጪ በጋሼ ለገሠ ቶስተር ዳቦ ሳይጠብስ አልቀረም።

በዚያ ቅዳሜ በርባንክ ያደረሳቸው ወንድይፍራው ነው። ታክሲ ይነዳል፤ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሳቁን መያዝ አይችልም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዳውላው አነስ ይበል። ከዚያ ከሣር ማጨጃው ወዲህ ታክሲዬ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።»

«አንተ ፓርክ አድርግና አፍህን ያዝ። ሳቅህ ዋጋ ያስጨምርብኛል።»

ቤቱ የሚስስ ዌበር ነው። ባሏ በክረምት ሞቶባት፣ ዕቃዋን ሸጣ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው። ሳሎኑ ጥግ መስቀያ ላይ አንድ የወታደር ቆብ ተሰቅሏል፤ ግንባሩ ላይ አንበሳው አለ። ጋሼ ለገሠ ገና ከበሩ ሆነው አዩት። ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት ካውያ አነሱ።

«ገመዱ አርጅቷል» አሉ።

«ይሠራል» አለች።

«ታቹ ዝጓል።»

«ዝገት አይደለም። ያረረ የባሌ ሸሚዝ ነው።»

ተከራከሩ፤ ዋጋው ወረደ። ጋሼ ለገሠ እንደ ዋዛ ወደ ጥጉ ጠቆሙ። «ያን አሮጌ ቆብ ምራቂ ካደረግሽልኝ እወስደዋለሁ።»

«የትኛውን? ጃንጥላ የያዘ ፑድል ያለበትን?»

ወንድይፍራው ፑድል የሚሉትን ጠጉራም የሳሎን ውሻ ያውቃል። በሩ ላይ እንደቆመ ሳቁን ለቀቀው። ጋሼ ለገሠ ነገሩን ሊውጡት ሞከሩ፤ አልወርድ አላቸው። ተረከዛቸው ተጋጠመ፤ ደረታቸው ተነፋ።

«ውሻ አይደለም» አሉ። «አንበሳ ነው። የያዘውም ጃንጥላ ሳይሆን ሰንደቅ ነው።»

ዳውላው ወደቀ፤ አህያው ታየ።

ሚስስ ዌበር ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ከገቡ ጀምሮ ወደዚያ ጥግ አንዴ እንኳ ዞር አላሉም። ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ባሌም የሚገዛው እንዲህ ነበር። ጋራዡን ያዩ እንደሆነ ቶስተር ብቻ ነው።»

ባሏ ኮሪያ ውስጥ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ጋር በሲጋራ ተለዋውጦ ያገኘው ምልክት መሆኑን ነገረቻቸው። መጀመሪያ ለልጇ አሳይታ፣ ከቆቡ ነቅላ በሳምንቱ በነጻ ልትሰጣቸው ቃል ገባች። የካውያውን ዋጋ ግን ሳትቀበል አልለቀቀቻቸውም።

በመንገድ ላይ ወንድይፍራው አላስችል አለው። «ጋሼ፣ ‹አዎ፣ ፑድሉን› ቢሏት ምን ነበረበት? ዛሬውኑ ይዘነው እንመለስ ነበር።»

«አንተ በላት። አንተ አልማልክበትም።»

ረቡዕ ከሥራ ሲመለሱ ካውያውን ለኤልፍነሽ ይዘውላት ሄዱ። ኤልፍነሽ ከሱዳን ከመጣች ወር አልሞላትም፤ በማግስቱ ሆቴል ውስጥ ሥራ ልትጀምር ነው። የተሰጣት የሥራ ልብስ እንደተጨማደደ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ዘቢደርም ለልጅቷ አንሶላ ይዘው አብረው መጥተዋል።

ጋሼ ለገሠ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፉ። ካውያው ሲግል በምራቅ የረጠበ ጣታቸውን ነካ አደረጉት፤ ቺስ አለ።

«እይና ተማሪ። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ከዚያ እጅጌ።»

«ጋሼ፣ ይስጡኝ እኔ ልተኩሰው» አለች ኤልፍነሽ፣ እጇን ዘርግታ።

«ቆይ።»

የእጅጌው እጥፋት እንደ ምላጭ ቀጥ አለ። ኪሶቹ፣ የአንገቱ ዙሪያ፣ የአዝራሮቹ መሀል አንድም አልቀራቸው። እትዬ ዘቢደር አንሶላውን እንዳቀፉ በሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩ።

«ይሄንንስ ጆንያ ሲያስቆጥሩ አያስተምሩም» አሉ።

ጋሼ ለገሠ ቀና አላሉም። «አትቸኩዪ። ቅዳሜ አንበሳው ሲመጣ ትደግሚዋለሽ።»

ልብሱን ሰቀሉት። ካውያው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ገመዱን ጠቀለሉ፤ መስኮቱ ሥር አኖሩት። ኤልፍነሽን ከቤት ስትወጣ መንቀሉን እንዳትረሳ አስጠንቅቀው ደረጃውን ወረዱ።