የታጠቡት ጠገራ ብሮች

ታላቅ ወንድሜ ጠገራ ብሮቼን አጥቦ የራሱ አደረጋቸው። ሌላ አነጋገር የለውም። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ አልጽፍም፤ የሆነውን ግን እጽፋለሁ።

ከይጁቤ አለፍ ብሎ ያለው ማሳዬ የድሮ ሰው ብር ቀብሮበታል እየተባለ ሲወራ ነው ያደግሁት። ደብረ ማርቆስ ብረት የሚፈልግ ማሽን የሚያከራይ ሰው አለ ሲሉኝ ሄጄ አመጣሁ። ጫፉ ላይ ሰፌድ የመሰለ ክብ ነገር ያለው ዘንግ ነው፤ መሬቱን ስታስስበት ብረት ካለ ይጮኻል። ለሁሉም ይጮኻል። ለሚስማር ጮኸ፣ ለተሰበረ ማረሻ ጮኸ፣ ለሰርዲን ቆርቆሮ ከሁሉም አብልጦ ጮኸ። ከዚያ የወንድሜን ማጭድ አገኘ፤ ሰረቅኸኝ ብሎ ስንት ዘመን ያኮረፈኝበትን ማጭድ። ወስጄ ስሰጠው አገላብጦ አየና፣ «እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ኖሯል?» አለኝ።

አራቱ ብሮች የወጡት ማሳዬ ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ነው፤ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ እንደ ከሰል ጠቁረው። አንዱን በለብታ ውሃና በጨርቅ ቀስ ብዬ ሳብሰው ጠገራ ላይ የምትቀረጸው ያቺ ሻሽ ያጠለቀች ወፍራም ሴትዮ ብቅ አለች። አፍንጫዋ እንኳ አልተነካም። ከዚያ በላይ አላጠብሁም። ከእኔ መሬት ለመውጣታቸው ምስክሬ ጥቁረታቸው ነበርና።

በእኛ ሠፈር ከመሬት የወጣ ብር ካገኘው ሰው ቤት ካደረ ባለቤቱ ተከትሎ ይመጣል ይባላል። ባለቤቱ የሚሉት የቀበረውን ሟች ነው። እኔ አላምንም። አላምንም እያልሁ ግን ብሮቹን ወስጄ ወንድሜ ቤት አሳደርኋቸው። ሟቹ ከመጣም እሱን ያግኘው ብዬ ነው።

ሟቹ አልመጣም። ወንድሜ ግን በማግስቱ በሎሚና በአመድ ሲፈትጋቸው ዋለ። ሚስቱ ከእናቷ የወረሰቻቸው ሁለት የአንገት ጠገራዎች ነበሯት፤ የእነሱን ማንጠልጠያ በጉጠት ቆርጦ ጣለ፣ ቦታውንም ሞርዶ አለሰለሰና ከእኔዎቹ ጋር ቀላቀላቸው። «አያ፣ ብሮቼን ስጠኝ» ስለው፣ የትኞቹን፣ ሁሉም የሚስቴ ነው አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስቱም ዓይናቸው ደክሟል። ብሩን አገላበጡ፣ ነከሱ፣ አሸተቱ፤ አንዱ ሎሚ ሎሚ ይላል ሲሉ ሌላው የለም፣ አመድ ነው ብለው ተከራከሩ። ማሽኑ ይመስክር ተባለ። በየብሩ ላይ አዞርሁት፤ ለሁሉም ጮኸ። የታላቁ ሽማግሌ ዱላ ጫፉ ብረት ነው፤ ለእሱም ጮኸ። ወንድሜ፣ «ዱላውም የእሱ ነው በሉኛ» ብሎ አሳቃቸው። እኔ አልሳቅሁም።

በመጨረሻ ታላቁ ሽማግሌ፣ ካልተለየ በዕጣ እኩል ይካፈሉት ብለው ፈረዱ። ወንድሜ ወዲያው እሺ አለ። ከእኔ ብር ቢያንስ አንዱ ሊደርሰው ነዋ። ለእኔ የወጣልኝን የመጀመሪያውን ብር ሳነሳ ሚስቱ ከኋላዬ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ይቺ የእኔ ናት፣ አባቶቼ። የሴትዮዋን አፍንጫ እዩት፤ የለም። እናቴ ደረት ላይ፣ ኋላም እኔ ደረት ላይ ሲታሽ ነው ያለቀው።»

ወንድሜ ዝም በይ አላት።

«አንተ ዝም በል። ማንጠልጠያዬን ስትቆርጥ ዝም አልሁህ። የእናቴን ብር ደግሞ በዕጣ ልታስበላኝ ነው?»

ብሮቹ የተዘረጉበት ቁርበት ላይ ተንበርክካ አፍንጫ የሌላትን ሁለተኛዋንም ለቅማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። አፍንጫ ያላቸው አራቱ ቀሩ። ሽማግሎቹ በጣታቸው ዳሰሷቸው፤ አንዱ ለማመሳከር ይሁን አላውቅም የራሳቸውንም አፍንጫ ዳሰሱ። ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ፣ «ያንተ ናቸው፣ ውሰድ» አሉኝ።

ወንድሜን ካሠው ቢሉት አጥቤለት የለም ወይ፣ ማመስገን የነበረበት እሱ ነው አለ። ነገሩ በእርቅ ይለቅ ተባለ። እርቅ ሲሆን ደግሞ ታናሽ የታላቁን ጉልበት ይስማል፤ ስለዚህ ተበዳዩ እኔ ጎንበስ ብዬ የበዳዬን ጉልበት ሳምሁ። ብሮቼን በኪሴ ይዤ ነው የሳምሁት። ይህም የሆነው ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት ነው።