«የለም» የምንልበት በር

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ደህና ስል ሙቀቱ እንደ ልማዱ፣ መብራቱም ከማታ ጀምሮ እንደ ልማዱ የጠፋ ማለቴ ነው። ወንድሜ በማለዳ የጭነት መኪናውን ከጋራዥ አውጥቶ፣ የሰፈራችን መንገድ ጠባብ ስለሆነ ነዳጅ ማደያው አጠገብ አቁሞት መጣ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ በአሰላ መንገድ ወዳለችው ደራ ሄዶ ስንዴ ሊጭን ነበር። ሌሊቱን የአዳማ ሙቀት አላስተኛውምና ትንሽ ልጋደም ብሎ ገባ። የሦስት ዓመት ልጁም ሆዱ ላይ ወጥታ አብራው ተኛች።

አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ።

ስለ በሩ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። እኛ ቤት ሰው ሲያንኳኳ አይከፈትም። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። የሚፈለገው ወንድ ከሆነ «የለም» ይባላል። ሳሎን ቁጭ ብሎ ቢሆንም የለም። የት ሄደ ከተባለ ደግሞ ከአዳማ ውጪ የሆነ ከተማ ይጠራል። ጎረቤት ይህን ስለሚያውቅ በስልክ ደውሎ ነው የሚመጣ። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ የሰው ሁሉ ቤት እንዲህ ይመስለኝ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

የነገረችን እማዬ ናት። አባዬ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወሎ ውስጥ፣ በደርግ ዘመን ጦርነት ጊዜ፣ ሰዎች በር ላይ መጥተው «አባትህ አለ?» አሉት። እንግዳ የመጣ መስሎት ደስ አለው። «አለ፣ ምሳ እየበላ ነው» አላቸው። አያታችንን እጁን እንኳ ሳያስታጥቡ ይዘውት ሄዱ። ወደ ግንባር ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሬሳም ወሬም አልመጣም። አባዬ እስከ ዛሬ ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላ። እማዬ ይህን ስትነግረን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ እሱ ግን ቤት አልነበረም።

ወንድሜ በዚህ ነገር ይቀልድ ነበር። ልጅ ሳለን ሽንት ቤት ሆኖ ስጠራው «የለሁም» ይለኛል። አባዬ አይስቅም። የወንድሜ ልጅ አፏን ስትፈታ ከ«እማ» ቀጥላ የተናገረችው ቃል «የለም» ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠች ሄዳ «አባቢ የለም» ትላለች፣ እኛም እናጨበጭብላታለን። አሁን ሳስበው ማጨብጨባችን ያስፈራኛል።

ያን ቀን ግን ተኝታ ስለነበር እኔ ሄድኩ። ድምፁን አላወቅኩትም። የወንድሜን ስም ጠርቶ አለ ወይ አለኝ።

«የለም» አልኩ።

«ስልኩም ዝግ ነው። የት ሄደ?»

«መቂ።»

«መኪናውን ይዞ?»

«አዎ።»

ከዚያ ሲሮጥ ሰማሁት፤ ባጃጅ ተነሳ። መልካም ነገር ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ አይሮጥም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በመዋሸቴ ደስ አለኝ።

ወንድሜ ሲነሳ ነገርኩት። ማን እንደነበር ጠየቀኝ፤ እንደማላውቀው ነገርኩት። «ትራፊክ ነዋ፣ ቤት ለቤት መዞር ጀምረዋል» ብሎ ሳቀ። ሰግዶ ምሳውን በላ። ባትሪው ያለቀበትን ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጦ «መብራት ሲመጣ ሰካልኝ» አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም። ልጁን ግን በር ላይ ሁለቴ ሳማት።

መብራት የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስልኩን ሰካሁት። ገና እንደበራ ጠራ።

«መቂ ነኝ» አለ ሰውየው። የጠዋቱ ድምፅ ነበር። «ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንበትን ሁሉ ዞርኩ። መኪናው የለም። የታለ እሱ?»

«ደራ ነው» አልኩ።

«ጠዋት መቂ አላልከኝም?»

እሱ የጋራዡ መካኒክ ነበር። ፍሬኑ ገና አላለቀም። ጎማዎቹን የገጠማቸው መኪናውን ወደ ጥግ ለማስጠጋት ብቻ ነው። ዘበኛው ጎማው ገብቶ ሲያይ ያለቀ መስሎት ቁልፉን ለወንድሜ ሰጠው። ባዶውን ይንቀሳቀስ ይሆናል፣ ስንዴ ጭኖ ቁልቁለቱን ግን አይችልም አለኝ። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየጮኸ አልነበረም። ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ።

የምደውልበት ስልክ እጄ ላይ ነበር። የምደውልለት ሰው ስልክ።

ወደ አሰላ የሚሄዱት ሚኒባሶች ጋ ሮጥኩ። ሦስት ሰው ይቀራል አሉ። ረዳቱን ለመንኩት። ምን ብዬ እንደለመንኩት አላስታውስም። የአዋሽን ድልድይ አልፈን ትንሽ እንደሄድን መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ስንዴው አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር። ሰዎች እህል ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ይሄዱ ነበር። እኔ ግን መሀሉን ረግጬ ሄድኩ።

ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። ለቅሶ ቤት በሩ ክፍት ነው የሚሆነው፤ አባዬ ግን ሰው በገባ ቁጥር ተነስቶ መቀርቀሪያውን ይመልሳል። ማንም ተው አላለውም። ስለ መቂ ለማንም አልተናገርኩም። ፍሬን ነው ተባለ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ተባለ፣ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይመጣ፣ ተንኳኳ።

አባዬ በርሜሉ አጠገብ ለሶላት ውዱእ እያደረገ ነበር። እጁ እንደረጠበ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ማነው?» አልኩ።

«አባትህ አሉ?»

ድምፁን አሁን አወቅኩት። አባዬን አየሁት። ከንፈሩን ነክሶ ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘ። የሚያየኝ የነበረው የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው አልመሰለኝም። አንድ ቃል ብል ሰውየው ይሄዳል። ምናልባት አይመለስም። መቂ ማለቴንም ማንም አያውቅም።

ያኔ የወንድሜ ልጅ በባዶ እግሯ ከቤት ወጥታ ወደ በሩ ስትሮጥ አየኋት። አፏ ለቃሉ ተዘጋጅቷል። ቀደምኳት። በአንድ እጄ አቀፍኳት፣ በሌላው መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ዝጎ ስለነበር እንቢ አለኝ፣ እንደገና ሳብኩት።

«አሉ» አልኩ። «ይግቡ። መቂ ያልኩዎት እኔ ነኝ።» አባዬ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሰውየው ገባ። እኔ ወደ አባዬ ዞሬ አላየሁም። ልጅቷን አስቀምጬ ድንጋይ ፈለግኩ፣ በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋም አስደገፍኩበት።