ሦስት ሳምንት በሰው ክፍል

የዚያ ዓመት ክረምት መውጫ ጭቃው አልደርቅ ብሎ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ያኔ ነው። ሰው መጠየቅ ሞቷ ስለሆነ፣ ብዙ ተማሪ ወደ ገባበት አዳራሽ ተከትላ ገብታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕግ ስትማር ከረመች። ኋላ ስሟን የሂሳብ ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ስታገኘው ሻንጣዋን ሸክፋ ደወለች።

«አባዬ፣ መምጣቴ ነው። መሳቂያ ሆኛለሁ።»

«ማን ሳቀብሽ?»

«ገና ማንም አላወቀም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? እኔ ስንቱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ! ይተረተራል እንጂ ሱቅ ይዘጋል እንዴ? ሂጂና ጠይቂ፣ እናቴ።»

ፊቷ እየነደደ የሂሳብ ክፍሉን በር አንኳኳች።

«እስካሁን የት ነበርሽ?» አሏት መምህሩ።

«ሕግ ክፍል።»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ሳታስበው አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስሟ «ጠበቃዋ» ሆኖ ቀረ።

አሁን ከአባቷ ሰፈር ወንዝ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ሂሳብ ታስተምራለች።