ያላነበብኩላት ገጽ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጋዜጣን ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ ያዝኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የማነበው ለእሷ ነበር፤ ካረፈች በኋላ ግን በረንዳው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ አንደበቴ እንዳይተሳሰር ብዬ፣ ርእሰ አንቀጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እወጣው ነበር። ቤቴ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ይቆፈር ነበር። በአንድ ወገን የባቡሩ ሐዲድ ይዘረጋል፣ በሌላው ወገን ፎቅ ይነሣል፣ ማታ የሄዱበት መንገድ ጠዋት ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ነጭ በትር የያዘች ወጣት ሴት ቆማለች።

«ጮክ ብለው የሚያነቡት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ምነው፣ ረበሽኩ እንዴ?»

«አይ፣ አልረበሹም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ጽሑፍ ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። አጥሩ ሥር ቆሜ ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም አሉ። እንዴት እንዳለቀ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ወንበር አቀረብኩላት፤ ጋዜጣውንም ፈልጌ የቀረውን አነበብኩላት። ስለ ቤት ኪራይ መናር የተጻፈ ነበር። ሲያልቅ «ይኸው ነው?» አለች። «ይኸው ነው» አልኳት። «እኔ እኮ መጨረሻው ላይ መፍትሔ ያለው መስሎኝ ነው ፀሐይ ላይ የቆምኩት!» ብላ ሳቀች።

የሕግ ተማሪ ነበረች። የተወለደችው እዚያው አካባቢ፣ አስፋልቱ ሳይመጣ፣ አባቷ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ መሬቱ ዛሬ በግንብ የታጠረ የቪላ መንደር ሆኗል። «አውድማችን የነበረው ጥበቃው የሚቆምበት ጋ ነው» ትለኝ ነበር፣ በትሯን ወደዚያ አቅጣጫ እያነሣች። የጎደላት አንባቢ ነበር። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ ያነቡላታል፣ ፈተና ሲቃረብ ግን ሁሉም ወደየራሱ መጽሐፍ ይመለሳል። ስለዚህ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድትመጣ ተስማማን። ትንሿን የድምፅ መቅረጫ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች፣ እኔ አነባለሁ።

ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እንዳለ ያንብቡልኝ። ጸሐፊው ቢሳሳትም፣ ቢሰድበኝም፣ እንዳለ።»

«ልጄ፣ እኔ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልዘልም» አልኳት። ቅር ብሎኝም ነበር። የተማርኩት ከቃል ቃል መምረጥ እንደ ትልቅ ቁም ነገር በሚታይበት ዘመን ነውና፣ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ለእኔ የሚገባ አልመሰለኝም።

ያላነበብነው ነገር አልነበረም። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ከየማኅበሩ፣ ከየስብሰባው ወረቀት እየሰበሰበች በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ስለ ቤት ሠራተኞች መብት፣ ከመሬታቸው ስለተነሡ ገበሬዎች፣ ስለ እስረኞች አያያዝ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የተጻፈ ሁሉ በእኔ ድምፅ ወደ መቅረጫዋ ይገባል። እኛ በተማሪነታችን ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ብዙ ተናግረናል፤ ከዚያ ሕዝብ መካከል አንዱ ዓይነ ስውር ሆኖ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በእግሩ ሲመጣ ምን እንደሚያጋጥመው ግን እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከጎረቤት ያለው የሲሚንቶ ማደባለቂያ በየንባቡ መሐል ሲያጓራ «ጋሼ፣ መቼ ይሆን ስለ ፍትሕ ያለዚህ ማሽን የምንማረው?» ትላለች። እኔም በጸሐፊው ስበሳጭና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ስመታ «እሱን ይገሥጹት እንጂ፣ ጆሮዬ ምን አድርጎዎት ነው?» ትለኛለች።

እነዚያ ወረቀቶች አብዛኞቹ ክፉኛ የተጻፉ ነበሩ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳይቋጭ ሌላው ይጀምራል፤ አንድ ሐሳብ በሦስት ቦታ ይደገማል። መጀመሪያ እንዳለ ነበር የማነበው። ቆይቼ ግን፣ በየትኛው ቀን እንደጀመርኩት ሳላውቀው፣ የተጣመመውን እያቃናሁ፣ የተደገመውን እያለፍኩ ማንበብ ያዝኩ። ለእሷ የሚጠቅም መሰለኝ። «ይህኛውስ ጎበዝ ጸሐፊ ነው» ስትል ዝም እል ነበር፤ በዝምታዬም ውስጥ ደስታ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ፣ በባቡሩ መስመር ዳር የእግረኛ መንገድ ሊሠራ ስለታሰበ የአካባቢው ነዋሪ እንዲወያይበት አንድ ሰነድ ተበተነ። በቤተ ክርስቲያኑ መውረጃና በታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ኑሯቸውን የሚገፉ ዓይነ ስውራን ነበሩ። ሎተሪ የሚያዞር አለ፤ የሞባይል ካርድ የምትሸጥ አለች፤ ሚዛን ዘርግቶ ሰው የሚመዝንም አንድ ጎልማሳ አለ። እሱ ሚዛኑን አያይም፤ ቁጥሩን የሚያነበው ተመዛኙ ራሱ ነው። እነዚህ ሰዎች መንገዱ ሲሠራ ቦታ ይተውላቸው እንደሆነ አያውቁም ነበር። የሕግ ተማሪዋ በውይይቱ ስብሰባ ላይ ስለ እነሱ እንድትናገር ማኅበራቸው መረጣት። ሰነዱን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን በደንብ ያንብቡልኝ። በእሷ ነው የምከራከረው።»

አነበብኩ። ብዙው ስለ ድንጋይና ስለ ፍሳሽ ነበር። ወደ መጨረሻው ስቃረብ ከመንገዱ ዳር የሚነሡት የተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ደረስኩ። «ላስቲክ ቤቶች፣ የግንባታ ትርፍራፊ፣ ቆሻሻ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞኝ አየው። «ለማኞች፣ ዕውሮችና ሌሎች የመንገዱን ገጽታ የሚያበላሹ» ይላል። ከሥሩም ወዴት እንደሚወሰዱ ሳይገልጽ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው እንደሚርቁ ይናገራል።

አሳለኝ። ውሃ ጠጣሁ። ገጹን ገለጥኩት።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«የቀረው የፊርማ ቦታ ነው» አልኳት።

ያን ቀን ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ርኅራኄ ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል ሰምታ ከምታዝን ይልቅ፣ በጎውን ይዛ በርትታ ብትናገር ይሻላል አልኩ። ይህ ግን እውነት አልነበረም። ቃላቱ በእኔ ድምፅ እንዳይቀረጹ፣ ለእሷም ከእኔ አፍ እንዳይደርሷት ነው የፈራሁት። ከእሷ ይልቅ ራሴን ነው የጠበቅኩት።

ስብሰባው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከረባት አስሬ ሄድኩ፤ ልጄ የምትመረቅ ያህል ተሰምቶኝ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጥኩ። ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። ንግግሯ ጥርት ያለ ነበር። በመንገዱ ዳር ለሚሠሩት ቦታ እንዲተውላቸው፣ ጉድጓዶች እንዲከደኑ፣ መሻገሪያዎች ለዓይነ ስውር በእግር ተዳስሰው እንዲለዩ ጠየቀች። ከዚያም «በመጨረሻ፣ ሰነዱን ያዘጋጁትን ማመስገን እፈልጋለሁ። ከዳር እስከ ዳር ተነቦልኝ፣ እኛን የሚያዋርድ አንድም ቃል አላገኘሁበትም» አለች።

ከኋላ በኩል ጉምጉምታ ተሰማ። ሰብሳቢው ፈጥኖ «እንግዲህ ከሚመለከታቸው ወገኖች ድጋፍ ተገኝቷል፣ ይመዝገብልኝ» አለ።

ባለሚዛኑ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጮኸ።

«እህቴ፣ ማንን ነው የምታመሰግኚው? ከቆሻሻ ጋር ደምረው ጽፈውናል እኮ!»

«የት ላይ?» አለች ወደ ድምፁ ዞራ።

«አላነበቡልሽም እንዴ? ለእኔ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። እያለቀሰች ነው የጨረሰችልኝ።»

አንድ ሌላ ሰው «ለተማረችዋ የሚነበበው ሌላ ነዋ!» አለ። አንዳንዶች ሳቁ። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። የት እንደተቀመጥኩ ከሳሌ ታውቃለች። ጠበቀችኝ። አልተነሣሁም። መነጽሬን አውልቄ እጠርግ ጀመር።

«ተሳስቻለሁ» አለች ለአዳራሹ። «ምስጋናዬን መልሼ ወስጃለሁ።»

«የተመዘገበ ተመዝግቧል፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ ሰብሳቢው።

ስንወጣ ክንዴን አልያዘችም። ከባለሚዛኑና ከልጁ ጋር በተቆፈረው መንገድ ዳር ሲሄዱ ከኋላቸው ርቀት ጠብቄ ተከተልኳቸው። ልጅቷ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ እዚህ ጋ ብረት አለ» እያለች ሁለቱንም ትመራ ነበር። የምትላቸውን ሁሉ እሰማለሁ፤ አንዱንም አላለፈችም።

ረቡዕ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። በትሯን አጥፋ ተቀመጠች፤ መቅረጫዋን ግን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

«ጋሼ፣ ያን ገጽ ዘለሉት?»

«አዎ።»

«ለምን እንደዘለሉት አልጠይቅዎትም፤ እገምታለሁ። የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ከዚህ በፊትስ?»

የተቃኑትን ዓረፍተ ነገሮች፣ የተዘለሉትን ድግግሞሾች ነገርኳት። እየተናገርኩ ሳለ የሠራሁት ነገር ስፋት ለእኔም ይበልጥ ይታየኝ ጀመር። ፊቷ አልተለወጠም፤ እጇ ብቻ በትሯን ያጥፋታል፣ ይዘረጋታል።

«የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ እኮ ጸሐፊዎቹን እየጠቀስኩ ነው» አለች። «አሁን ያ የማን ቃል ነው? የእነሱ ነው የእርስዎ?»

«ሁሉንም ከመጀመሪያው እንደገና አነብልሻለሁ።»

«እሱን በኋላ እናየዋለን። አሁን ያቺን ገጽ ያንብቡልኝ። ድምፅዎን ሳይቀንሱ።» መቅረጫዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ማኅበሩ ተቃውሞ ሊያስገባ ነው። ሰዎቹ ያን ገጽ ሳልሰማ እንዳመሰገንኩ የሚያምኑት ከእርስዎ ከሰሙት ብቻ ነው።»

መጀመሪያ ለምን እንዳላነበብኩት ተናገርኩ፤ ቀጥዬ ገጹን አነበብኩ። ጎረቤት ያለው ማደባለቂያ ያን ሰዓት ዝም ብሎ ነበር። «ዕውሮችና ሌሎች» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ሊወርድ ሲል ራሴን ሰማሁትና መልሼ አነሣሁት። እስከ መጨረሻው ሄድኩ። እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማች፤ ሲያልቅ መቅረጫውን ዘጋች፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች።

ድምፁን ለማኅበሩ አሰማች። ባለሚዛኑ በእሷ ላይ የነበረው ቅሬታ እንደበረደ ከጊዜ በኋላ ነገረችኝ። ተቃውሞው ገባ፤ የተሰጠው መልስ ግን በስብሰባው ላይ ከተጠቃሚዎቹ ድጋፍ መገኘቱን የሚጠቅስ ነበር። የእግረኛው መንገድ ተሠራ። ባለሚዛኑ ወደ ላምበረት በኩል ሄዷል ይላሉ። ሎተሪ አዟሪውን ወደ ሾላ ገበያ ስሄድ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ድምፄን እንዳያውቀው ፈርቼ ቲኬት ሳልገዛው አለፍኩ።

የመመረቂያ ጽሑፏን በአንድ መንፈቅ አዘገየችው። የጠቀሰችውን ሁሉ ለማመሳከር አዲስ አንባቢ ያዘች፤ አንባቢዋ የባለሚዛኑ ልጅ ናት። ቅዳሜው ቢቀርም የእኔን ረቡዕ ግን አላስቀረችብኝም። ያንኑ ወረቀት ለሁለታችንም ትሰጣለች። እኔ አነባለሁ፤ ቤቷ ስትደርስ የልጅቷን ንባብና የእኔን ጎን ለጎን ታዳምጣለች። ይህንን አልደበቀችኝም። «አይቀየሙኝም አይደል?» ስትለኝ፣ ልቀየም የሚያስችል ምንም ነገር እንደሌለኝ ነገርኳት።

አሁን የተጣመመውን እንደተጣመመ፣ የተደገመውንም እንደተደገመ አነባለሁ። አንዳንዴ ጸሐፊው ያለ ልክ ሲያናድደኝ እቆማለሁ፤ የባለሚዛኑ ልጅ ያንኑ መስመር የሆነ ቦታ ተቀምጣ አንብባው እንደሆነ አስባለሁ። ባለፈው ረቡዕ እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ እሷም ዝም አለች። በፊት ቢሆን ትቀልድብኝ ነበር። አሁን ራሷን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ፣ ጣቷን መቅረጫው ላይ አኑራ ትጠብቃለች።

«አለሁ» አልኳት። «ረጅም ዓረፍተ ነገር ሆኖብኝ ነው።»

«ከመጀመሪያው ይውሰዱት» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ወሰድኩት።