የተቆለፈው መርዶ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ባለው መሥሪያ ቤቴ ቀኑን ሙሉ የምጨቃጨቀው በአንድ ጉዳይ ነበር፤ የሰው መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ አጥብቀን እንቆልፈው ወይስ ሰው እንደልቡ እንዲሠራበት እናላላው? ሲያጠብቁት ሥራ ይቆማል፣ ሲያላሉት የሰው ገመና ይወጣል። ይህ ጭቅጭቅ ፊሊፕስ ሰፈር ካለው የአገር ልጆች እድራችን ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።

የእድሩን አባላት ዳታቤዝ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን አማርኛቸውን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠሩኝ።

«አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእኛ ነው። መርዶውን እስክናረዳ የምንጽፍበት ቦታ አብጅልን። ግን ሎክ አድርገው፤ የሞተበት ሰው ድንገት እንዳያየው።»

አድራሻና ስልኩን ሁሉም በሚገባበት ክፍል ተውኩና ለመርዶው የራሱ በርና ቁልፍ ያለው ስኪማ፣ ማለትም ለብቻው የተከለለ ክፍል፣ ለየሁለት። የሚከፍቱት ሊቀመንበሩና ሁለት የኮሚቴ አባላት ብቻ ነበሩ። ውስጡን ግን አላላሁላቸው፤ እንዳሻቸው የሚጽፉበት ሰፊ ቦታ ሰጠኋቸው። ሽማግሌን በትንንሽ የመሙያ ሳጥን ማሰር አልወድም። ቢበላሽ ለመጠገን እኔም ቁልፍ ነበረኝ። ይህንን ማንም አላነሳውም፣ እኔም አላሰብኩበትም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

በዚያ ክረምት እናቴ ደሴ ታማ ተኝታ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ እንደ ልማዴ የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ ልወስድ እድሩ ቢሮ ገባሁ። እሱንም ልቀዳ የመርዶውን ክፍል ስከፍት የመጨረሻው ጽሑፍ በእኔ ስም ነበር።

«እናቱ አርፈዋል። እሁድ ጠዋት እናረዳዋለን። ሚስቱ ታውቃለች፤ ከስልክ ታርቀው።»

ቅጂውን ወስጄ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። አወቅሁ ብል ሽማግሌው በሃፍረት ይሞታሉ፣ ባለቤቴም አፍና የያዘችው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ቤት ስገባ ዓይኗ አብጧል።

«አለርጂ ነው» አለችኝ።

«መድኃኒት ውሰጂ» አልኳት።

እሷ ለእኔ ስትል በፊቴ አላለቀሰችም፣ እኔም ለእሷ ስል በፊቷ። ሻወር ከፍቼ፣ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። ንዴቱ አንገበገበኝ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላውቅም።

እሁድ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ እንባው እንቢ አለኝ፤ ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ።

ሰው መለስ ሲል ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያ ቁልፍህ ምስጢር ያዘልን። ለብቻህ ሆነህ ከመስማት አተረፈህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኳቸው።